ካንሰርን የሚያባዛው አርኤንኤው ነው ወይስ የወጣበት ቦታ? ኮድ አልባ አርኤንኤን በላብራቶሪ የመፈተሽ መመሪያ

ከሰው ጂኖም ውስጥ ለፕሮቲን መመሪያ የሚሆነው ክፍል 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። የቀረውም ሥራ ፈት አይደለም፤ አብዛኛው በአንዱ ወይም በሌላው ሕዋስ ውስጥ ወደ አርኤንኤ ይገለበጣል፣ ማለትም ይቀዳል። ከዚህ መካከል ከ200 ኑክሊዮታይድ በላይ የሚረዝመውና ወደ ፕሮቲን የማይተረጎመው ረጅም ኮድ አልባ አርኤንኤ ይባላል። በ2023 የዘርፉ ባለሙያዎች መነሻውን ወደ 500 ኑክሊዮታይድ ከፍ ለማድረግ ሐሳብ አቅርበዋል።

በዕጢ ውስጥ መጠኑ የጨመረ ኮድ አልባ አርኤንኤ ማግኘት ዛሬ ቀላል ነው። ከባዱ ሥራ፣ ያ አርኤንኤ የካንሰር ሕዋስ የሚባዛበት ምክንያት ነው ወይስ አብሮት የሚታይ ምልክት ብቻ ነው የሚለውን መለየት ነው። ምልክት መሆኑም ዋጋ አለው። ፒሲኤ3 የተባለው ኮድ አልባ አርኤንኤ በሽንት ውስጥ ተለክቶ ለፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ እንዲያግዝ በ2012 በአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጸድቋል። ምልክት የሆነ ሁሉ ግን መንስኤ አይደለም።

ማላት1 የተባለውን ረጅም ኮድ አልባ አርኤንኤ እንውሰድ። በ2003 የጀርመን ተመራማሪዎች ካንሰራቸው በተዛመተባቸው የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ዕጢ ውስጥ በብዛት አገኙት። በ2012 ይህ ጂን የጠፋባቸው አይጦች ጤነኛ ሆነው ተወልደው አደጉ። በ2013 ኤ549 በተባሉት የሰው የሳንባ ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ መጠኑ ከ1,000 እጥፍ በላይ ሲወርድ ሕዋሳቱ የመንቀሳቀስ አቅማቸው ቀነሰ፤ በአይጥ ላይ የፈጠሩት ዕጢም አነሰ። በ2016 የጡት ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይ በአንቲሴንስ ኦሊጎ (ከዒላማው አርኤንኤ ጋር ተጣምሮ በሚያስጠፋ፣ በላብራቶሪ በተሠራ አጭር ሰንሰለት) ሲወርድ የካንሰሩ መዛመት ቀነሰ። በ2018 ሌላ ቡድን ጂኑን በሌላ መንገድ ሲያጠፋው ደግሞ መዛመቱ ባሰ፤ አርኤንኤውን ሲመልሰው ተመልሶ ቀነሰ። አርኤንኤው አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ ተቃራኒ ነው።

ስለዚህ ፒፔት ከማንሳትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን በአእምሮዎ ይለዩ፦ አርኤንኤው ራሱ፣ አርኤንኤው የሚወጣበት የዲኤንኤ ቦታ፣ እና የመገልበጡ ሂደት። ሕዋሱን የሚያባዛው ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። የሚመርጡት የማጥፊያ ዘዴ የትኛውን እንደሚነካ ካላወቁ የሚያገኙት ውጤት የማን እንደሆነ አያውቁም።

በመጀመሪያ ካርታውን ያንብቡ

ጄንኮድ የተባለውን የጂኖች መዝገብ በዩሲኤስሲ ጂኖም ብራውዘር (የጂኖም ካርታ ማሳያ ድረ ገጽ) ላይ ከፍተው የመረጡትን ጂን ይመልከቱ። የሚፈልጓቸው መልሶች እነዚህ ናቸው፦ በ1,000 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ርቀት ውስጥ ፕሮሞተሩን፣ ማለትም መገልበጥ የሚጀመርበትን የዲኤንኤ ክፍል፣ የሚጋራ ሌላ ጂን አለ? በተቃራኒው ሰንሰለት ላይ የሚገለበጥ ጂን ይደራረብበታል? ስንት ኤክሶን (በተጠናቀቀው አርኤንኤ ውስጥ የሚቀር ክፍል) አለው? ፖሊ-ኤ ጅራት (በጫፉ የተደረደረ የኤ ፊደል ሰንሰለት) አለው? አጭር ፔፕታይድ (ትንሽ ፕሮቲን) ሊሠራ የሚችል የንባብ ክፍል በውስጡ ይኖር ይሆን? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙዎች ይዘሉታል። ኤችኦኤክስቢ-ኤኤስ3 የተባለው ኮድ አልባ ነው ሲባል ኖሮ፣ በ2017 የአንጀት ካንሰርን እድገት የሚገታ የ53 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ እንደሚሠራ ታውቋል።

የሕዋሱ ምርጫ ከጂኑ ምርጫ ያላነሰ ክብደት አለው። በ2017 በክሪስፐር-አይ (ዲኤንኤን ሳይቆርጥ ጂንን በሚዘጋ ዘዴ) በተደረገ ሰፊ ፍተሻ 16,401 ኮድ አልባ ጂኖች በ7 የሕዋስ መስመሮች ተሞክረው ለጤናማ መባዛት የሚያስፈልጉት 499 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከእነዚህም 89 በመቶው ተጽዕኖ ያሳዩት በአንድ የሕዋስ ዓይነት ብቻ ነው። በአንድ መስመር ላይ ያገኙትን «በካንሰር» ብለው አይጻፉ። አርኤንኤው በብዛት ያለባቸው ሁለት መስመሮችና ጭራሹኑ የሌለበት አንድ መስመር ይያዙ። ሦስተኛው እጅግ ጠቃሚ ነው፤ አርኤንኤው በሌለበት ሕዋስ ላይ ኦሊጎዎ መባዛትን ካዘገየ፣ ያዘገየው አርኤንኤው ሳይሆን የኦሊጎው መርዛማነት ነው።

ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች ለኤ549 ናቸው። ሕዋሳቱን 10 በመቶ የፅንስ ጥጃ ሴረም ባለው ሚዲየም፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስና በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያሳድጉ። በጥሩ ሁኔታ ላይ ሲሆኑ በ24 ሰዓት ገደማ እጥፍ ይሆናሉ። የሕዋስ ባህልን የሚበክለውን ማይኮፕላዝማ የተባለ ጥቃቅን ባክቴሪያ በየወሩ ይመርምሩ። ማይኮፕላዝማ ሚዲየሙን አያደፈርስም፣ በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም፤ ግን የሕዋሱን የመባዛት ፍጥነትና የኤምቲቲ (ከታች የሚገለጸው የቀለም ሙከራ) ንባብን ያዛባል።

አርኤንኤውን በትክክል መለካት

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ከባለ 6 ጉድጓድ ፕሌት አንድ ጉድጓድ ላይ ሚዲየሙን አስወግደው 1 ሚሊሊትር ትራይዞል (ሕዋሱን አፍርሶ አርኤንኤውን የሚያወጣ ፈሳሽ) ይጨምሩ። ትራይዞል ፌኖል አለበት፤ ቆዳ ያቃጥላል። ጓንት አድርገው በጭስ መሳቢያ ስር ይሥሩ፣ የሚጣለውን ፈሳሽም ከበረኪና ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከዚያ፦

1. 0.2 ሚሊሊትር ክሎሮፎርም ጨምረው 15 ሰከንድ በእጅ ይናጡ፤ 3 ደቂቃ ያቆዩት።
2. በ4 ዲግሪ፣ በ12,000 ጂ፣ ለ15 ደቂቃ ሴንትሪፊውጅ ያድርጉ።
3. የላይኛውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ይውሰዱ። መካከል ላይ ያለውን ነጭ ሽፋን አይንኩ፤ ጥቂት ፈሳሽ ትተው መነሳት ከመስገብገብ ይሻላል።
4. 0.5 ሚሊሊትር አይሶፕሮፓኖል ጨምረው 10 ደቂቃ ያቆዩ፤ እንደገና በ12,000 ጂ ለ10 ደቂቃ።
5. ዝቃጩን በ1 ሚሊሊትር 75 በመቶ ኤታኖል ይጠቡ፤ በ7,500 ጂ ለ5 ደቂቃ።
6. ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያናፍሱት። ከልክ በላይ ከደረቀ አይሟሟም። በ30 ማይክሮሊትር ከአርኤንኤዝ ነጻ የሆነ ውሃ ያሟሙት።

ንጽሕናውን በብርሃን መምጠጥ ሲለኩ የ260/280 ናኖሜትር ንባብ 2.0 አካባቢ መሆን አለበት። 260/230 ዝቅ ካለ የጓኒዲን ጨው ወይም ፌኖል ቀርቷል ማለት ነው፤ በኤታኖል ደግመው ይጠቡ። መብራት በሚቆራረጥበት ላብራቶሪ የሚሠሩ ከሆነ የወጣውን አርኤንኤ ቀን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ከማቆየት ናሙናውን በትራይዞል እንደተሟሟ በቅዝቃዜ ማስቀመጥ ይመረጣል፤ ትራይዞሉ አርኤንኤዞችን (አርኤንኤን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን) ስላከሸፈ ናሙናው ይታገሣል።

ቀጥሎ ናሙናውን በዲኤንኤዝ (ዲኤንኤን በሚያጠፋ ኢንዛይም) ማከም ግዴታ ነው። ማላት1 ወደ 8,700 ኑክሊዮታይድ የሚረዝም ቢሆንም በአብዛኛው ያልተቆራረጠ አንድ ወጥ ጂን ነው። ኤክሶን ከኤክሶን የሚያገናኝ ፕራይመር (ቅጂ ማባዛቱን የሚያስጀምር አጭር ዲኤንኤ) መንደፍ ስለማይቻል ፕራይመሩ አርኤንኤውንና በናሙናው ውስጥ የቀረውን ዲኤንኤ እኩል ያነባል። ለእያንዳንዱ ናሙና ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥ ኢንዛይም) ያልገባበት ኮንትሮል ያዘጋጁ። በሁለቱ መካከል ቢያንስ የ7 ሲቲ (በኪውፒሲአር፣ ማለትም ቅጂን እያባዛ በሚለካ ማሽን፣ ምልክቱ የታየበት ዙር) ልዩነት ከሌለ ያ ናሙና ይጣላል፤ 7 ሲቲ ማለት የዲኤንኤው ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ሆነ ማለት ነው።

ሲዲኤንኤውን (ከአርኤንኤው የሚገለበጠውን ዲኤንኤ) ከ1 ማይክሮግራም አርኤንኤ በ20 ማይክሮሊትር፣ በራንደም ሄክሳመር (በየትኛውም ቦታ በሚያርፉ ባለ 6 ፊደል ፕራይመሮች) ይሥሩ። ፖሊ-ኤ ጅራትን ብቻ የሚይዘውን ኦሊጎ-ዲቲ ብቻ መጠቀም ስህተት ነው። የማላት1 ጫፍ በአርኤንኤዝ ፒ ተቆርጦ በሦስት ሰንሰለት ጥምር የሚጠበቅ እንጂ እውነተኛ ፖሊ-ኤ ጅራት ያለው አይደለም፤ ስለዚህ በኦሊጎ-ዲቲ የሚያገኙት ቁጥር እውነተኛውን መጠን አይወክልም። የፕራይመሩን ብቃት በ5 ደረጃ፣ በየ10 እጥፍ በቀጠነ ናሙና ይፈትሹ፤ ከ90 እስከ 110 በመቶ መሆን አለበት። መጠኑ የማይለዋወጥ ማመሳከሪያ ጂን አንድ አይበቃም፤ ጋፕዲኤችን ከኤችፒአርቲ1 ጋር ማጣመር ጥሩ መነሻ ነው። ሲቲው ከ35 በላይ ከሆነ «ቀነሰ» ወይም «ጨመረ» ለማለት የሚያስችል መሠረት የለዎትም።

በአንድ ሕዋስ ውስጥ ስንት ቅጂ እንዳለም ያስሉ። በላብራቶሪ የተሠራና መጠኑ የታወቀ ተመሳሳይ አርኤንኤ ከኪውፒሲአር ጋር አብሮ ይነበብ። አንድ ሕዋስ በግምት 20 ፒኮግራም ጠቅላላ አርኤንኤ አለው ብንል፣ ከ20 ናኖግራም አርኤንኤ የመጣ ሲዲኤንኤ 1,000 ሕዋሳትን ይወክላል። ማሽኑ 5,000 ቅጂ ካነበበ በሕዋስ 5 ቅጂ ነው። ይህች ቀላል ስሌት ቆይቶ ብዙ ክርክር ታድናለች።

የት እንዳለ ሳያውቁ መሣሪያ አይምረጡ

ሕዋሱን በበረዶ ላይ ለ5 ደቂቃ ያህል በቀጭን ኤንፒ-40 (የሕዋስ ሽፋንን በሚያሟሟ ሳሙና መሰል ነገር) አፍርሰው አስኳሉን በዝግታ ሴንትሪፊውጅ ይለዩ። ጋፕዲኤች በሳይቶፕላዝሙ ክፍል፣ ዩ6 በአስኳሉ ክፍል ካልታዩ መለየቱ አልሠራም፤ የራስዎን አርኤንኤ ከማንበብዎ በፊት እነዚህን ያረጋግጡ። አርኤንኤው በሳይቶፕላዝም የሚበዛ ከሆነ ኤስአይአርኤንኤ (ዒላማውን የሚያስቆርጥ አጭር ባለ ሁለት ሰንሰለት አርኤንኤ) ያገለግላል። እንደ ማላት1 በአስኳል ውስጥ የሚኖር ከሆነ ጋፕመር የተባለው አንቲሴንስ ኦሊጎ ይሻላል፤ መካከሉ ዲኤንኤ፣ ሁለቱ ጫፎቹ በኬሚካል የተጠናከሩ ስለሆነ በአስኳል ውስጥ ያለውን አርኤንኤዝ ኤች1ን ጠርቶ ዒላማውን ያስቆርጣል።

ኦሊጎ ሲያዙ ቢያንስ ሁለት የማይደራረቡ፣ ቢቻል ሦስት፣ ከአንድ ዒላማ የለሽ ኮንትሮል ጋር ይዘዙ። አንደኛው ወደ 3 ፕራይም ጫፍ፣ ማለትም ወደ አርኤንኤው መጨረሻ፣ የቀረበ ይሁን። ወደ 5 ፕራይም ጫፍ (ወደ መነሻው) የሚያርፍ ጋፕመር ገና በመገልበጥ ላይ ያለውን አርኤንኤ ቆርጦ መገልበጡን ራሱን ያለጊዜው ሊያስቆም ይችላል፤ ያን ጊዜ አርኤንኤውንና የመገልበጡን ሂደት አብረው ስለነኩ መለየት ያቅታል።

ለባለ 6 ጉድጓድ ፕሌት፣ በመጨረሻ 2 ሚሊሊትር ውስጥ 25 ናኖሞላር እንዲሆን፦ ከ10 ማይክሮሞላር ክምችት 5 ማይክሮሊትር ኦሊጎ በ250 ማይክሮሊትር ኦፕቲ-ኤምኢኤም፣ በሌላ ቱቦ 5 ማይክሮሊትር ሊፖፌክታሚን አርኤንኤአይማክስ (ኦሊጎውን ወደ ሕዋስ የሚያስገባ ቅባት) በ250 ማይክሮሊትር ኦፕቲ-ኤምኢኤም ያዘጋጁ። ሁለቱን ቀላቅለው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ያድርጉና 200,000 ሕዋሳት የያዘ፣ አንቲባዮቲክ የሌለበት 1.5 ሚሊሊትር ሚዲየም ይጨምሩበት። ፕሌቱን እንደ መስቀል ወደፊትና ወደ ጎን ያንቀሳቅሱት፤ ካሽከረከሩት ሕዋሳቱ መሃል ላይ ይከመራሉ። በማግስቱ ሚዲየሙን ይቀይሩ።

የመጀመሪያው ሙከራ የመጠን ፍተሻ ይሁን፦ 5፣ 10፣ 25 እና 50 ናኖሞላር። በ48 ሰዓት አርኤንኤው 80 በመቶ መውረድ አለበት፤ ይህም በሲቲ 2.3 ያህል ልዩነት ነው። ይህን ከሚያስገኙት መጠኖች ትንሹን ይምረጡ። 50 ናኖሞላር ላይ ዒላማ የለሹም ኮንትሮል ሕዋስ የሚገድል ከሆነ መጠኑ በዝቷል። ፒኤልኬ1 የተባለውን ጂን የሚያወርድ ኤስአይአርኤንኤም በአንድ ጉድጓድ ያስገቡ። ሕዋስ ያለዚህ ጂን መከፈል ስለማይችል በ72 ሰዓት ውስጥ ጉድጓዱ ካልሳሳ የማስገባት ሥራዎ ራሱ አልተሳካም ማለት ነው።

መባዛትን መለካት

በቆጠራ ይጀምሩ። የተቆጠረ ሕዋስ ከማንኛውም የቀለም ንባብ ይበልጣል። በ24፣ 48 እና 72 ሰዓት ሕዋሳቱን በትሪፕሲን አንስተው ከ0.4 በመቶ ትራይፓን ብሉ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለው በሂሞሳይቶሜትር ይቁጠሩ፤ የአራቱን ማዕዘን አማካይ በ2 ከዚያም በ10,000 ያባዙ።

የእጥፍ ጊዜውን ያስሉ። በኮንትሮሉ ጉድጓድ 200,000 ሕዋሳት በ72 ሰዓት 1,600,000 ቢሆኑ ሦስት ጊዜ ታጥፈዋል፣ የእጥፍ ጊዜው 24 ሰዓት ነው። በኦሊጎው ጉድጓድ 800,000 ቢሆኑ ሁለት ጊዜ ታጥፈዋል፣ 36 ሰዓት ነው። «በግማሽ ቀነሰ» ከማለት «የእጥፍ ጊዜው ከ24 ወደ 36 ሰዓት ረዘመ» ማለት ትክክለኛ ነው፤ የግማሹ ቁጥር በስንተኛው ሰዓት እንደቆጠሩ የሚለዋወጥ ነውና።

ለኤምቲቲ በባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት በየጉድጓዱ 2,000 ሕዋሳት በ100 ማይክሮሊትር ይዝሩ። የዳር ጉድጓዶች ስለሚተንኑ ፒቢኤስ ብቻ ይሙሉባቸው እንጂ ናሙና አያስቀምጡባቸው። ከ5 ሚሊግራም በሚሊሊትር መፍትሔ 10 ማይክሮሊትር ጨምረው ከ3 እስከ 4 ሰዓት በጨለማ ያቆዩ፤ ሚዲየሙን በጥንቃቄ አስወግደው ክሪስታሉን በ100 ማይክሮሊትር ዲኤምኤስኦ አሟሙተው በ570 ናኖሜትር ያንብቡ። ኤምቲቲ የሚለካው የሕዋሱን ሜታቦሊዝም ነው እንጂ ቁጥሩን አይደለም። የሚያጠፉት አርኤንኤ ሚቶኮንድሪያን የሚነካ ከሆነ አንድም ሕዋስ ሳይጎድል ንባቡ ይወርዳል። ስለዚህ ኤምቲቲን ብቻ ይዞ ስለ መባዛት መደምደም አይቻልም።

ቁጥሩ ከቀነሰ ቀጣዩ ጥያቄ መከፈሉ ቀነሰ ወይስ ሞቱ ጨመረ ነው። ለመከፈሉ 10 ማይክሮሞላር ኢዲዩ (አዲስ በሚሠራ ዲኤንኤ ውስጥ የሚገባ ምልክት) ለ2 ሰዓት ሰጥተው ዲኤንኤ እየሠሩ ያሉትን ሕዋሳት መቶኛ ይለኩ። ለዑደቱ ሕዋሳቱን በቀዝቃዛ 70 በመቶ ኤታኖል አጽንተው በ50 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ፕሮፒዲየም አዮዳይድና በ100 ማይክሮግራም በሚሊሊትር አርኤንኤዝ ኤ ያቅልሙ፤ አርኤንኤዙ ከተረሳ ቀለሙ አርኤንኤንም ስለሚይዝ የጂ1ና የጂ2 ጫፎች ይደበዝዛሉ። ለሞት አኔክሲን-ቪ የተባለውን እየሞቱ ያሉ ሕዋሳትን የሚለይ ምልክት ይጠቀሙ።

በኮሎኒ ሙከራ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ስህተት አለ። 500 ሕዋሳት ተዘርተው ከ10 እስከ 14 ቀን ያድጋሉ፤ ከዚያ በ0.5 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት ቀልመው ከ50 ሕዋሳት በላይ የያዙት ይቆጠራሉ። አንድ ጊዜ የተሰጠ ኦሊጎ ግን በሚባዙ ሕዋሳት ውስጥ በየመከፈሉ እየሳሳ ይሄዳል። በመጨረሻው ቀን አርኤንኤው ተመልሶ ሙሉ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሙከራ ዘላቂ ዘዴ ያስፈልጋል፤ ካልሆነም በ10ኛው ቀን መጠኑን ለክተው ያሳዩ።

ሁለተኛው ዘዴና መመለስ

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። በክሪስፐር-አይ፣ ማለትም መቁረጥ በማይችል ካስ9 እና ክራብ በተባለ ጂን ዘጊ ፕሮቲን ጥምር፣ የጂኑን ፕሮሞተር ይዝጉ። ካስ9ን ወደ ቦታው የሚመራው አጭር አርኤንኤ (ጋይድ) ከመገልበጫው መነሻ 50 ቤዝ ቀድሞ እስከ 300 ቤዝ አልፎ ባለው ክልል ውስጥ ቢያርፍ ይሠራል። ይህ ዘዴ መገልበጡን ያስቆማል፣ አርኤንኤውንም ያጠፋል፣ የዲኤንኤውንም ሁኔታ ይለውጣል። በየጊዜው የግራና የቀኝ ጎረቤት ጂኖችን በኪውፒሲአር ይለኩ።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው ፒቪቲ1 ነው። በ8ኛው ክሮሞሶም ላይ ከታወቀው የካንሰር ጂን ከሚክ አጠገብ ይገኛል። በ2014 የታተመ ጥናት የፒቪቲ1 አርኤንኤ የሚክን ፕሮቲን ከመፍረስ እንደሚጠብቅ፣ ማለትም ካንሰርን እንደሚያግዝ አሳየ። በ2018 የፒቪቲ1 ፕሮሞተር በክሪስፐር-አይ ሲዘጋ ግን የጡት ካንሰር ሕዋሳት ይበልጥ ተባዙ። ፕሮሞተሩ ከሚክ ፕሮሞተር ጋር ለተመሳሳይ ኢንሃንሰሮች (ጂንን የሚያነቃቁ የዲኤንኤ ክፍሎች) የሚሻማ ሆኖ ተገኘ፤ ሲዘጋ ኢንሃንሰሮቹ ለሚክ ተለቀቁ። አርኤንኤው አንድ ሥራ ይሠራል፣ የዲኤንኤ ቦታው ሌላ ሥራ ይሠራል፤ የትኛውን እንደነኩ የሚወስነው መሣሪያዎ ነው።

ሁለቱም ኦሊጎዎችና ክሪስፐር-አይ መባዛትን እኩል ካዘገዩ አርኤንኤው ራሱ የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል። ክሪስፐር-አይ ብቻ ለውጥ ካመጣ ዲኤንኤውን ወይም መገልበጡን ይጠርጥሩ። ከኦሊጎዎቹ አንዱ ብቻ ከሠራ፣ ሁለቱም ዒላማውን እኩል አውርደው ሳለ፣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ከዒላማ ውጭ ያረፈ ጉዳት ነው፤ ሦስተኛውን ኦሊጎ ሳይሞክሩ ወደፊት አይሂዱ።

ከዚያ መመለስ ይሞከራል። ኦሊጎው የሚያርፍበት ቦታ ብቻ የተቀየረበት አርኤንኤ ከፕላስሚድ (ወደ ሕዋስ ከሚገባ ክብ ዲኤንኤ) ይገባና መባዛቱ ይመለስ እንደሆነ ይታያል። ከፕላስሚድ የወጣው በሕዋሱ ውስጥ ከተለመደው 100 እጥፍ ከሆነ ግን ያ መመለስ ሳይሆን ሌላ ሙከራ ነው፤ ቅጂውን ይለኩ። አርኤንኤው ሥራውን የሚሠራው በወጣበት ቦታ አጠገብ ብቻ ከሆነ ከፕላስሚድ የመጣው ላይመልስ ይችላል። መመለስ አለመቻሉ ብቻውን አርኤንኤው ንጹሕ ነው አያሰኝም።

ስለ አሠራሩ

ስለ አርኤንኤው አሠራር ሲጽፉ በሕዋስ ያለው የቅጂ ቁጥር ይግዛዎት የምንለው በተለይ ለ«ማይክሮአርኤንኤ ስፖንጅ» ነው፤ ማይክሮአርኤንኤ ሌሎች ጂኖችን የሚገታ አጭር አርኤንኤ ነው። ብዙ ጽሑፎች አንድ ኮድ አልባ አርኤንኤ ማይክሮአርኤንኤን አጥምዶ የካንሰር ጂን ያስለቅቃል ይላሉ፤ ማስረጃቸውም ብዙ ጊዜ አርኤንኤው ከልክ በላይ በገባበት ሕዋስ ላይ የተሠራ የሉሲፈሬዝ (በብርሃን የሚለካ ኢንዛይም) ሙከራ ነው። አርኤንኤዎ በሕዋስ 5 ቅጂ ሆኖ ማይክሮአርኤንኤው በሺዎች ከሆነ፣ አምስቱ ሺዎቹን ሊያጠምዱ አይችሉም። በአስኳል ብቻ የሚኖር አርኤንኤም ቢሆን በሳይቶፕላዝም የሚሠራ ማይክሮአርኤንኤን ያጠምዳል ለማለት ጠንካራ ማስረጃ ይጠይቃል። ከፕሮቲን ጋር ያለውን ትስስር በተመለከተም ጂኖችን የሚዘጋውን ፒአርሲ2ን ያስታውሱ፤ በ2007 የተገለጸው ሆትኤር የተባለ ኮድ አልባ አርኤንኤ ከዚህ የፕሮቲን ስብስብ ጋር እንደሚያያዝ ታይቷል፣ ነገር ግን ፒአርሲ2 ብዙ ዓይነት አርኤንኤ የሚይዝ ስለሆነ የማይዛመድ ሌላ አርኤንኤ ኮንትሮል ሆኖ ሳይገባ የተገኘ ትስስር ብዙ አይናገርም።

በመጨረሻም ስለ ቁጥሩ። በአንድ ፕሌት ላይ ያሉ ሦስት ጉድጓዶች ሦስት ሙከራ አይደሉም፤ አንድ ሙከራ ሦስት ጊዜ የተነበበ ነው። በተለያየ ሳምንት፣ ከተለያየ ፓሴጅ (ሕዋሱ ወደ አዲስ ዕቃ ከተዛወረበት ዙር) ተነስተው፣ ኦሊጎውን አዲስ አስገብተው የሠሩት ነው አንድ የሚባለው። ቢያንስ ሦስት እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ይኑሩዎት፤ በሥዕሉ ላይም አማካዩን ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም ነጥቦች ያሳዩ። ከሥዕሉ በታች የኦሊጎዎቹን ሙሉ ቅደም ተከተል፣ መጠኑን በናኖሞላር፣ የለኩበትን ሰዓትና በዚያ ሰዓት አርኤንኤው በስንት በመቶ እንደወረደ ይጻፉ።